የባለቤቴን ስልክ «ሪስቶር» ያደረግሁ ዕለት

በሕይወቴ ያጠፋሁት ጥፋት ብዙ ነው። አብዛኛውን በአማርኛ ስላጠፋሁት በአማርኛ ይቅርታ ጠይቄ ተገላግያለሁ። በእንግሊዝኛ ያጠፋሁት ግን አንድ ነው፤ የማወራችሁ እሱን ነው። ስቃችሁ ስትጨርሱ ትንሽ እንድታዝኑልኝ አደራ።

እኔ ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ ሰባተኛና ስምንተኛ ክፍል እንግሊዝኛ ያስተማርኩ ሰው ነኝ። ጡረታ ከወጣሁ ሁለት ዓመት ሆነኝ፤ ጡረታ የወጣው ግን ወገቤ እንጂ ምላሴ አይደለም። የሱቅ ማስታወቂያ ሳይ አርማለሁ። የሠርግ ጥሪ ሲመጣልኝ ከቀኑ በፊት ስፔሊንጉን ነው የማየው። አንድ ጊዜ ምግብ ቤት ገብቼ ሜኑው ላይ «ቺክን» ለማለት «ኪችን» ተብሎ ተጽፎ አገኘሁና አስተናጋጇን ጠርቼ «እስቲ አንድ ኪችን አሮስቶ አምጪልኝ፤ ምድጃው በደንብ ይብሰል» አልኳት። እሷ እቴ! ፈገግም ሳትል «ምድጃ አልቋል ጋሼ፤ ዶሮ ይሁንልዎት?» ብላኝ ሄደች።

ከማስተምረው ሁሉ ግን የ«ሪ»ን ትምህርት ያህል የምወደው አልነበረም። ጠመኔዬን ከፍ አድርጌ «ልጆች! ሪ ማለት እንደገና ማለት ነው!» እላለሁ። «የተሰበረ ሪፔር ይደረጋል። ጊዜው ያለፈበት ሪኒው ይደረጋል። ያረጀ ቤት ሪኖቬት ይደረጋል። ወደ ቀድሞ ክብሩ የሚመለስ ግን...» እዚህ ላይ ቆም እላለሁ፤ የኋላ ወንበር የተኙት እስኪነቁ እጠብቃለሁ፤ «ሪስቶር ይደረጋል!» ሪስቶር ስል ድምፄ ይወፍራል። ለምን እንደሆነ አላውቅም፣ ያቺን ቃል ስላት ኮቴ ራሱ አዲስ ይመስለኝ ነበር።

ባለቤቴ ታደለች የሆሳዕና ልጅ ናት። ጀሞ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ፣ ሳሎናችን መስኮት ሥር የልብስ ስፌት መኪናዋን ተክላ የሰፈሩን ቀሚስ ታሳጥራለች፣ የሰፈሩን ሱሪ ታሰፋለች። ስትሠራ ስልኳ አጠገቧ ነው። እኔ እንኳ እንደ ስልኳ አጠገቧ የተቀመጥኩበት ቀን ጥቂት ነው።

ታዲያ ይሄ ስልክ ሰሞኑን መንቀራፈፍ ጀመረ። አንድ ቅዳሜ ጠዋት ታደለች ነጠላዋን እየለበሰች፣

«እኔ አራስ ልጠይቅ መሄዴ ነው። እስክመለስ ይሄን ስልክ እስቲ አንድ በለው። ሃሎ ያልኩት ደዋዩ ተስፋ ቆርጦ ከዘጋ በኋላ ነው የሚሄደው» አለችኝ።

«ምን ችግር አለው፣ አየዋለሁ።»

«ካልቻልክ ደግሞ አትነካካው። ሰኞ ለሚችል ሰው እሰጠዋለሁ።»

ለሚችል ሰው! እስቲ ፍረዱኝ። ሰባተኛ ክፍልን ለሠላሳ አንድ ዓመት ጸጥ ያሰኘ ሰው አንድ መዳፍ የማታህል ስልክ አቅቶት «ለሚችል ሰው» ይባላል? በሩን ዘግታ ስትወጣ ስልኩን ይዤ መኝታ ቤት ገባሁ፤ አልጋው ጫፍ ላይ እንደ ሐኪም ተቀመጥኩ።

ሴቲንግ የሚለውን ከፈትኩ። ወደ ታች፣ ወደ ታች ስል ምን ባገኝ ጥሩ ነው? የድሮ ተማሪዎቼን! «ሪ» «ሪ» እያሉ ተሰልፈዋል። ሪስታርት አለ። ሪሴት አለ። ከእነሱ ሥር፣ በራሷ መስመር ላይ፣ ሪስቶር ተቀምጣለች። ልቤ ሞቀ። ወደ ቀድሞ ክብሩ መመለስ! ታደለች የምትፈልገውስ ይሄው አይደል? ስልኳ ያኔ እንደተገዛ ሰሞን እንዲፈጥንላት።

ነካኋት። ከሥሯ በደቃቅ ፊደል የተጻፈ አንድ አንቀጽ መጣ። መነጽሬ ሳሎን ነው፤ እኔ መኝታ ቤት ነኝ። ሠላሳ አንድ ዓመት «ልጆች፣ ኢንስትራክሽኑን ሳታነቡ እንዳትጀምሩ!» ብሎ የጮኸው ሰው፣ ለመነሳት ሰንፎ፣ ትልቁን ፊደል ብቻ አይቶ «የስ» አለ። ስልኩ «እርግጠኛ ነህ?» አለኝ፤ እሱስ በትልቁ ነበር የተጻፈው። እርግጠኛ መሆን ደግሞ የሙያዬ በሽታ ነው። «የስ!»

ስልኩ ጨለመ። በራ። አንድ ክብ ነገር ሲሽከረከር ቆየና «ሄሎ» አለኝ። ቀጥሎ «ቦንዦር»፣ ቀጥሎ እኔ የማላውቃቸው ሰላምታዎች። በዓለም ቋንቋ ሁሉ ሰላም የሚለኝ ነገር ምን ክፉ ያመጣብኛል ብዬ የጠየቀኝን ሁሉ እሺ እያልኩ ጨረስኩ። ስልኩ ሚዳቋ ሆነ! ስነካው ይበራል፣ ስነካው ይዘላል። ብቻዬን «ብራቮ!» ብዬ አጨበጨብኩ።

ከዚያ በኋላ ነው የአባባ ድምፅ ትዝ ያለኝ።

አባባ የምለው አማቴን፣ የታደለችን አባት ነው። ካረፈ ዓመት ከሁለት ወር ሆኖታል። በስልኳ ድምፅ መቅጃ ላይ አንድ ደቂቃ ከአርባ ሴኮንድ የሚሆን ድምፁ ነበር። ሌላ ቅጂ የለውም። ምርቃት ወይም ኑዛዜ እንዳይመስላችሁ፤ ሆሳዕና፣ በረንዳው ላይ ተቀምጦ አጥር የሚያጥርለትን አናጢ ሲቆጣ ነው። «ያን ቋሚ ወደ ግራ! ግራ አልኩህ እኮ! ግራህ የት ነው ያለው?» ይላል በአማርኛ። ከዚያ ወደ ሀዲይኛ ይዞርና ለራሱ ያጉረመርማል፣ ያስላል፣ ይስቃል። ታደለች እሁድ እሁድ ከቤተ ክርስቲያን ስትመለስ ጫማዋን ሳታወልቅ ትቀመጥና ታዳምጠዋለች። «ግራህ የት ነው?» ሲል ሁልጊዜ አዲስ ሆኖባት ትስቃለች። ከዚያ ዓይኗን ጠርጋ ምሳ ታቀርባለች።

ድምፅ መቅጃውን ከፈትኩ። ባዶ። «ምንም ቅጂ የለም» ይላል፤ በእንግሊዝኛ፣ ያለ አንዳች የሰዋስው ስሕተት።

«የተማረ ይግደለኝ» ያለው ሰው ስልክ አልነበረውም።

ቀጥሎ ያደረግሁትን ስነግራችሁ እንዳትንቁኝ። መጀመሪያ አጠፋሁት፤ አበራሁት። ቀጥሎ «ይቅርታ» አልኩት። ቀጥሎ ሰዎች ስልካቸው ሲበላሽ ሩዝ ውስጥ ይከታሉ ሲባል ሰምቼ ስለነበር የሩዙን ዕቃ አውርጄ ቀበርኩት። ያ ለካ ውሃ ለገባበት ስልክ ነው! ሃያ ደቂቃ ሩዙ ፊት ቁጭ ብዬ ጠበቅሁ። በመጨረሻ ስልኩን ከሩዝ አውጥቼ ኪሴ ከትቼ፣ መነጽሬን አሁን ገና አድርጌ፣ ወደ ሀይሌ ጋርመንት በሚሄደው ታክሲ ተሳፈርኩ።

ሀይሌ ጋርመንት አካባቢ የስልክ ጠጋኝ ሞልቷል። ሰው ያላጨናነቀውን ፈልጌ አንድ ሕንፃ ደረጃ ሥር ያለች፣ ከቁም ሳጥን ትንሽ የምትሰፋ ሱቅ ውስጥ አንገቴን አስገባሁ። ሻሽ ያሰረች ወጣት ሴት ዓይኗ ላይ ማጉያ መነጽር ሰክታ የአንዱን ስልክ ሆድ ዕቃ ታያለች። ቀና ስትል መነጽሩን አወለቀችና፣

«ቲቸር!» አለች።

ሰሚራ ናት። የስምንተኛ ክፍል ተማሪዬ የነበረች፣ ከፊት ሁለተኛው ዴስክ። ተነስታ እጄን ጨበጠችኝና ያለቻትን አንድ ወንበር ለቀቀችልኝ። ጉዳዬን ለመናገር አፈርኩ፤ «ስልኩ ትንሽ... ሪስቶር ተደርጎ ነው» አልኳት፣ ሌላ ሰው ያደረገው አስመስዬ።

ተቀበለችኝ። አገላበጠችው። ቻርጀር በሚሰካበት ቀዳዳ በኩል አጮለቀች፤ በወረንጦ አንድ ነገር ጎትታ አወጣችና መዳፏ ላይ አስቀመጠችው።

«ቲቸር፣ ይሄ ሩዝ ነው?»

«ሊሆን ይችላል።»

«ውሃ ገብቶበት ነበር?»

«አልገባበትም።»

አልሳቀችም፤ ለዚህ እስከ ዛሬ አመሰግናታለሁ። ከንፈሯን ብቻ ነከስ አደረገችና ሥራ ጀመረች። ከኮምፒውተሯ ጋር አያያዘችው፣ ጠበቀች፣ ሌላ ነገር ሞከረች፣ ጠበቀች። እኔ በዚያች ጠባብ ቦታ ላቤ እየወረደ የጠፋው የሞተ ሰው ድምፅ መሆኑን፣ የሚስቴ አባት መሆኑን፣ ሌላ ቅጂ እንደሌለው ነገርኳት። ያደረግሁትም እኔ መሆኔን ነገርኳት።

በመጨረሻ ሰሚራ ስልኩን ቀስ አድርጋ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው። ካስቀመጠችበት ሁኔታ ነገሩ ገባኝ።

«ቲቸር፣ ልዋሽዎት አልፈልግም። አንዳንዱን ሪከቨር እናደርጋለን፤ ይሄኛው አይመለስም። ሪስቶር እኮ ስልኩን ነው ወደ ድሮው የሚመልሰው፤ የእናንተን ድሮ አይደለም። ከፋብሪካ የወጣ ዕለት ወደነበረበት ነው የሄደው። ያኔ ደግሞ ስልኩ እናንተን አያውቃችሁም።»

ሠላሳ አንድ ዓመት ያስተማርኩትን ቃል አንዲት ልጅ በሦስት ዓረፍተ ነገር አስተማረችኝ።

«ቃሉን እኔ ነበርኩ ያስተማርኳችሁ» አልኩ፣ ለማለት ያህል።

«ትዝ ይለኛል» አለች ሰሚራ። ከዚያ ትንሽ አመነታችና፣ «አንድ ነገር ልንገርዎት? ፈተና ላይ ‹በየጊዜው መታወቂያችንን ምን እናደርጋለን› የሚል ባዶ ቦታ ነበር። እኔ ሪፔር ብዬ ጻፍኩ። እርስዎ ክፍል ፊት አቁመው ‹መታወቂያሽ ተሰብሯል እንዴ?› አሉኝ። ክፍሉ በሙሉ ሳቀ።»

«ሪኒው ነዋ መልሱ!» አልኩ፤ ያ ምላሴ፣ ጡረታ ያልወጣው።

«አዎ፣ ሪኒው ነው። ግን ቲቸር፣ ያን ሰሞን የአባቴ መታወቂያ ዝናብ መቶት ለሁለት ተቀዶ ነበር። ማታ ቁጭ ብለን በፕላስተር ያጣበቅነው እኔና እሱ ነበርን። እና እኔ ጥያቄውን ሳየው ሌላ ነገር አልመጣልኝም።»

ይሄንን ያለችኝ ለመውቀስ አልነበረም፤ ፊቷ ላይ ወቀሳ አልነበረበትም። እኔ ግን ያቺ ወንበር ላይ እንደተቀመጥኩ መሬት ብትከፈት ሩዜን ይዤ በገባሁ። «ይቅርታ አድርጊልኝ ልጄ» አልኳት። «ኧረ ቲቸር!» ብላ እጇን አወናጨፈች፤ ግን ዓይኗ እንባ አዘለ። እንግዲህ በዚያ ቀን ካደረግሁት ሁሉ በትክክል የሠራሁት ያንን ይቅርታ ነው፤ ለሱም ብዙ ዓመት ዘግይቻለሁ።

ልወጣ ስል ጠራችኝ። «ቲቸር፣ ድምፁን ለሌላ ሰው ልከውት ከሆነ እኮ ከዚያ ይገኛል። ማን ነበር የቀዳው?»

ማን ነበር የቀዳው! እንዴት እስከዚያ ድረስ አላሰብኩትም? የቀዳችው ማርታ ናት።

ማርታ የታደለች ታናሽ እህት ናት። መካኒሳ ክር፣ ዚፕና ቁልፍ የምትሸጥበት ሱቅ አላት። እሷና ታደለች ድሮ በቀን ሦስት ጊዜ የሚደዋወሉ ነበሩ፤ አባባ ከሞተ ጀምሮ ግን አይነጋገሩም። ነገሩ እንዲህ ነው። አባባ ሲታመም እኛ ቤት አምጥተነው እየታከመ ነበር። ሦስት ወር እንደተቀመጠ ማርታ መጣችና ይዛው ሆሳዕና ወረደች። ከወር በኋላ አረፈ። ለቅሶው ላይ ታደለች ሰው ሁሉ እየሰማ «መንገድ ነው የገደለው፤ የወሰድሽውም አንቺ ነሽ» አለቻት። ማርታ ነጠላዋን ተከናንባ ወጣች፤ በቃ። ከዚያ ወዲህ ሠርግ ላይ ሲገናኙ አንዷ ድንኳኑ በር ላይ፣ አንዷ ድንኳኑ መጨረሻ ላይ ይቀመጣሉ፤ እኔ መሐል ላይ ምግቤ አይወርድልኝም።

ድምፁ መጨረሻ ላይ የማርታ ድምፅ አለበት። አባባ አናጢውን ተቆጥቶ ሲያበቃ «በቃ አባባ? ጨረስክ?» ትለዋለች። ታደለች እዚያ ጋ ስትደርስ ጣቷን ሰዳ ትዘጋዋለች። ሁልጊዜ። አንድም ቀን አሳልፋው አታውቅም።

ማርታ ሱቅ ስደርስ ለአንዲት ደንበኛ ዚፕ እየለካች ነበር። ስታየኝ ሜትሩ ከእጇ ወደቀ።

«ጋሽዬ! ምነው? ማን ሞተ?»

«አዲስ የሞተ የለም። የሞተው ነው እንደገና የሞተብን» አልኳት፤ ከዚያ ደንበኛዋ ፊት ሁሉንም ዘረገፍኩት። ደንበኛዋ ዚፑን ረስታ «ውይ በሞትኩት» እያለች እስከ መጨረሻው አዳመጠችኝ።

ማርታ ራሷን ነቀነቀች። «እኔ ጋ የለም ጋሽዬ። ያን ዕለት መብራት ጠፍቶ የእኔ ስልክ ባትሪው አልቆ ነበር። ታደለች አባባን ልትጠይቅ መጥታ ነበርና መድኃኒት ልትገዛ ስትወጣ ስልኳን ቤት ትታው ሄደች። በእሷው ነው የቀዳሁት።» ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «ትሰማው ነበር ማለት ነው?» አለችኝ።

«በየእሁዱ።»

«እስከ መጨረሻው?»

መዋሸት ይቀላል፤ ግን ያን ቀን የውሸት አቅም አልነበረኝም። «አይ። ያንቺ ድምፅ ጋ ሲደርስ ትዘጋዋለች።»

ማርታ ሜትሩን ከመሬት አንስታ ጣቷ ላይ ጠመጠመችው። ፈታችው። እንደገና ጠመጠመችው። «ከእኔ ቀጥሎ አባባ የሚለውን አልሰማችውም?»

«አልሰማችውም።»

«ዓመት ከሁለት ወር ሙሉ?»

«ምን ይላል?»

«‹ታደለች፣ ማርታን እንዳትቆጫት› ነው የሚለው። ‹ቤቴ ልግባ ያልኩት እኔ ነኝ። እሷማ እንቢ ብላኝ ነበር፤ ሽማግሌ ልኬባት ነው እሺ ያለችኝ። የላክሁት ሽማግሌም ራሴው ነበርኩ› ብሎ ሳቀ።» ማርታም ልትስቅ ሞከረችና ሳቁ መንገድ ላይ እንባ ሆነባት። «ጋሽዬ፣ እኔ እኮ ይሄን ሰምታ ነው ዝም ያለችኝ ብዬ ነበር። የአባቷን ቃል ሰምታ እንኳን ካልደወለች ምን ብዬ ልሂድባት? ደግሞ ዛሬ ትደውላለች፣ ነገ ትደውላለች እያልኩ...»

ደንበኛዋ «ተነሺና ሂጃ!» አለቻት። «እኔ ዚፑን ሰኞ እወስዳለሁ።»

ማርታ ሱቋን ዘጋች። በታክሲው ውስጥ ለታደለች የምትለውን ስትለማመድ ሰማኋት፤ መጀመሪያ በቁጣ፣ ቀጥሎ በልመና፣ ቀጥሎ እንደገና በቁጣ። ጀሞ ልንደርስ ስንል «አይሆንም፣ ወራጅ!» ብላ ወረደች። ወረድኩ። አስፋልቱ ዳር ላይ ለመንኳት። ሁለተኛ ታክሲ ያዝን። የኮንዶሚኒየሙ በር ላይ ስንደርስ ደግሞ «ባዶ እጄን?» አለችና ሙዝ ለመግዛት ዞረች። እኔ ደረጃውን ስወጣ አምላኬን «አንደኛ ፎቅ ላይ እንዳትመለስብኝ፣ ሁለተኛ ፎቅ ላይ እንዳትመለስብኝ» እያልኩ ነበር።

በሩን የከፈተችው ታደለች ናት፤ ከአራስ ጥየቃ ተመልሳለች። ማርታን አየቻት። ሙዙን አየችው። ከዚያ እኔን አየችኝና፣

«ምን አጠፋህ?» አለች።

ሃያ ሰባት ዓመት አብሮ መኖር ማለት ይሄ ነው።

ነገርኳት፤ በሩ ላይ እንደቆምኩ። ሪስቶሩንም፣ መነጽሩንም፣ ሩዙንም። አልጮኸችም። ብትጮህብኝ እመርጥ ነበር። ሄዳ ስፌት መኪናዋ ላይ ተቀመጠችና እጇን ጨርቅ በሌለበት መርፌ ሥር አስቀመጠች። «አባባ?» አለች። «አዎ» አልኩ። «ሁሉም?» «ሁሉም።»

ማርታ ከበሩ ሳትገባ ቆማ መናገር ጀመረች። የተለማመደችው ሁሉ ጠፍቷት ያለውን ብቻ ተናገረች፤ መጨረሻው ላይ ምን እንዳለ፣ ለምን እንደጠበቀች። ታደለች ሳታቋርጥ ሰማቻት። ከዚያ በቀስታ፣

«ማርታ፣ አሁን እኮ ጠፍቷል። አለ ያልሽውን ሁሉ ሊል ይችላል» አለች።

ጨካኝ ሆና አይደለም። ሐዘን ላይ ያለ ሰው የሚሰጡትን ነገር ከመጨበጡ በፊት እንዳያመልጠው ይፈራል። ማርታ ግን ሙዙን ደጃፉ ላይ አስቀምጣ ልትመለስ ዞረች።

«እኔ ሰምቼዋለሁ!» አልኩ።

ሁለቱም ዞረው አዩኝ። እውነቴን ነው፤ ያኔ ነው ትዝ ያለኝ። አንድ እሁድ ታደለች እያዳመጠች በሩ ተንኳኩቶ ወደ ውጭ ስትወጣ ስልኩ ሳይዘጋ ቀርቶ እስከ መጨረሻው ሄዶ ነበር። እኔ ሶፋው ላይ ነበርኩ።

«ምን አለ?» አለች ታደለች።

«አልገባኝማ! ሀዲይኛ ነው!»

እስቲ አስቡት። የቋንቋ መምህር፣ የፈረንጅን ግሥ ከነዘመዶቹ በቃሉ የያዘ ሰው፣ ሃያ ሰባት ዓመት ከሀዲያ ልጅ ጋር ኖሮ ከሰላምታ ያለፈ ሀዲይኛ አያውቅም። አማቴ በእኔ ቋንቋ ሲቆጣ ብቻ ነው የሰማሁት፤ በራሱ ሲስቅ ምን እንደሚል ጠይቄ አላውቅም።

«የማርታ ስም ነበረበት» አልኩ። «ከዚያ ሳቀ። ከመሳቁ በፊት ደግሞ አንድ ቃል አለ...» ዓይኔን ጨፍኜ ቃሉን ፈለግኩት፤ እንደ ዘፈን ቅላፄው ብቻ ነበር የቀረኝ። በመጣልኝ ድምፅ ሞከርኩ።

ማርታ በሳቅ ፈነዳች። እኔ ደግሜ ሞከርኩ፤ ይባስ ተበላሸ። ማርታ በሩን ይዛ ተንበረከከች። ታደለች ግን አልሳቀችም። ቀስ ብላ ተነስታ አጠገቤ መጣች።

«እስቲ እንደገና በል።»

አልኩት። ቃሉን እዚህ አልጽፍላችሁም፤ በእኔ እጅ እንደገና መበላሸት የለበትም። ሽማግሌ ማለት ነው አሉኝ። አባባ የፊት ጥርሶቹ ከወለቁ ወዲህ ቃሉን በትክክል ማለት አይችልም ነበር፤ መሐሉ ላይ ያለው ድምፅ በድዱ በኩል ፉጨት ሆኖ ይወጣበታል። እኔ ደግሞ ሙሉ ጥርስ እያለኝ፣ ቋንቋውን ስለማላውቅ፣ የሰማሁትን ከነፉጨቱ ነበር የያዝኩት።

«እንደዚህ የሚለው እሱ ብቻ ነው» አለች ታደለች። «ማርታ እንኳን አትለውም።»

ማርታ አሁን መሳቋን አቁማለች። ታደለች ወደ በሩ ሄዳ ሙዙን አነሳች፤ ከዚያ እህቷን በሌላኛው እጇ አነሳቻት። ምን እንደተባባሉ አላውቅም፤ በሀዲይኛ ነበር። እኔ ወደ ኩሽና ገብቼ ሻይ ጣድኩ፤ ስኳሩን ሁለት ጊዜ እንደጨመርኩ ያወቅሁት ሲቀምሱት ፊታቸውን አይቼ ነው።

ከዚያ በኋላ የሆነው ክርክር ነው። አንዷ «‹ቋሚውን ወደ ግራ› ነው ያለው» ስትል፣ ሌላዋ «መጀመሪያ ‹ሚስማሩን አታባክን› ብሎ ነው እንጂ» ትላለች። አንዷ ሳሉን ታስላለች፣ ሌላዋ «አይ፣ ሁለት ጊዜ ነው የሚያስለው» ብላ ታርማታለች። አናጢውን ማርታ ሆነች፤ አባባን ታደለች። ድምፁ እንደሆነ አልተመለሰም፤ አይመለስም። ታደለች በማግስቱ እሁድ ጫማዋን ሳታወልቅ ተቀምጣ እጇን ባዶ ጭኗ ላይ አድርጋ ስትቆይ አይቼ ምሳ ያቀረብኩት እኔ ነበርኩ። እኔንም አንድ ሳምንት ያህል በቁጥብ አማርኛ ነበር የምታናግረኝ፤ ይገባኛል። ማክሰኞ ዕለት ግን መኪናዋ ላይ እንዳለች ቀና ሳትል «‹ውሃ አምጣልኝ› በሀዲይኛ እንዴት እንደሚባል ላስተምርህ?» አለችኝ። ስሳሳት ክፍል ፊት አላቆመችኝም።

ያን ቅዳሜ ማርታ ልሂድ ስትል ገና ፀሐይ አልጠለቀችም ነበር። ታደለች «እስከ ደረጃው ልሸኝሽ» ብላ አብራት ወጣች። እኔ በረንዳ ላይ ወጥቼ ሳይ ግቢውን አልፈው በሩ ጋ ደርሰዋል። ከበሩ ወደ ታክሲው ሄዱ። የመካኒሳ ታክሲ መጣ፤ ሞላ፤ ማርታ ግን ታክሲውን ትታ ታደለችን እስከ ግቢው በር መልሳ አመጣቻት። በሩ ላይ ቆመው ያወራሉ፤ አንዷ እጇን እያወናጨፈች፣ አንዷ ሆዷን ይዛ እየሳቀች። ከዚያ ታደለች «እንደዚህማ ብቻሽን አትሄጂም» ያለች መሰለኝ፣ እንደገና ወደ ታክሲው ወሰደቻት። ሁለተኛው ታክሲ ሄደ። ተመለሱ። ሦስተኛው ሄደ። ተመለሱ።

ከታችኛው በረንዳ ልብስ የምትሰበስበው ጎረቤታችን ቀና ብላ፣

«ቲቸር፣ ባለቤትዎ ምን እያደረገች ነው? ስትመላለስ አመሸች እኮ» አለችኝ።

«እህቷን እየሸኘች ነው።»

ጎረቤቴ አጮልቃ አየች። በዚያ ሰዓት ማርታ ናት ታደለችን ይዛ ወደ ቤት የምትመጣው።

«የቷ ናት የምትሸኘው?»

ልብ ብዬ አየሁ። መነጽሬንም አድርጌ ነበር።

«እሱን ገና አልለዩም» አልኳት።